ከወረታ ባሕር ዳር የሚመላለስ ባቡር ቢመጣ የማስኬድ መብቱ የማን ነው?

ባሕር ዳርን በወረታ በኩል ከወልዲያ ጋር የሚያገናኘው መስመር በአገር አቀፉ የባቡር ኔትወርክ እቅድ ውስጥ ስሙ ከሰፈረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐዲዱ አልተነጠፈም። ወሬው በተነሳ ቁጥር ግን ተከትሎት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ጠዋት ሠራተኛውንና ተማሪውን ከወረታና ከሐሙሲት፣ በዚያኛው በኩል ደግሞ ከመራዊ ጭኖ ባሕር ዳር የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ ባቡር ቢኖር ማስኬድ የሚችለው ማን ነው? ክልሉ? ከተማ አስተዳደሩ? ምድር ባቡር? ወይስ ባቡር ገዝቶ የሚያሰማራ ባለሀብት?

ሕጉን ብቻ ለጠየቀ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ በኢትዮጵያ የባቡር ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም በቂ አይደለም። የማስኬድ መብት የሚባለው ነገር አንድ ወረቀት ላይ ያለ ፈቃድ አይደለም። ቢያንስ አራት መብቶች ተደራርበው የሚሠሩት ነው፦ የሐዲዱ ባለቤትነት፣ ሕጋዊው ሥልጣን፣ በሐዲዱ ላይ የመግቢያ ሰዓቱና ገንዘቡን ከፍሎ የማዘዝ መብቱ፤ አራቱም በአንድ እጅ የሚገኙት ጥቂት ቦታ ነው።

መናኸሪያ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ግማሽ ያህል ያውቀዋል። የሚኒባሱ ሊብሬ በባለቤቱ ስም ነው፤ ቦሎው ተለጥፏል፤ የሦስተኛ ወገን መድን ተገብቷል፤ ሾፌሩም መንጃ ፈቃድ አለው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ታፔላው «ባሕር ዳር–መራዊ» ካላለና ስምሪት ካልተሰጠው አንድ ተሳፋሪ አይጭንም። ታሪፉንም ባለቤቱ አይወስነውም። መኪናው፣ ፈቃዱ፣ መስመሩና ዋጋው አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባቡር የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ አስፋልቱ የሁሉም ነው፣ ሚኒባስ ሚኒባስን ቀድሞ ያልፋል። ሐዲድ ግን ባለቤት አለው፤ በአንድ የሐዲድ ክፍል ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ ይገባል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሐዲዱ የማን ነው፣ ባቡሩስ?

በጥንቱ አሠራር ሐዲዱን የዘረጋው ባቡሩንም ያስኬዳል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ እንዲህ ያለ ነበር፤ 99 ዓመት የሚቆይ ሆኖ መሥራትንም ማስኬድንም በአንድ ኩባንያ እጅ ያስገባ። መስመሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ዛሬ ብዙ አገሮች ሁለቱን ለያይተዋል። ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው የጃፓን ሕግ ይመስለናል። የባቡር ድርጅቶችን በሦስት መደብ ይከፍላል፦ በራሱ ሐዲድ ላይ ራሱ የሚያስኬድ፣ በሌላ ሰው ሐዲድ ላይ የሚያስኬድ፣ እና ሐዲድ ሠርቶ ለሌላ የሚያከራይ። ስለ ማንኛውም የባቡር ፕሮጀክት ሲወራ «ይህ ድርጅት ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሹን ግራ መጋባት ያስወግዳል።

በባለቤትነትና በማስኬድ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ጃፓን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ባለቤት ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ የያዙበት አክሲዮን ማኅበር ነው። መደበኛ አገልግሎት ከጀመረበት ከ2010 ዓ.ም. አንሥቶ ግን ሥራውን ሲመሩ የቆዩት በአስተዳደር ውል የገቡ የቻይና ድርጅቶች ናቸው፤ ውላቸው አልቆ አክሲዮን ማኅበሩ ሙሉ በሙሉ የተረከበው በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቻይናው ሼንዘን ሜትሮ እጅ ነበር፤ ሐዲዱና ባቡሩ ግን የእርሱ አልነበሩም። የውጭ ድርጅት ባቡር ሲያስኬድ አይቶ «ባቡራችን ተሸጠ» ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። የአስተዳደር ውል የሚሰጠው ሥራውን ነው፤ ንብረቱ የሰጪው ሆኖ ይቀጥላል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የአየር፣ የባቡርና የባሕር መጓጓዣን ማስፋፋት፣ ማስተዳደርና መቆጣጠር ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። መንገድን በተመለከተ የፌዴራሉ ድርሻ ክልሎችን እርስ በርስ በሚያገናኙት አውራ መንገዶች የተወሰነ ነው። ስለዚህ የክልል መንገድ የሚባል ነገር አለ፤ አማራ ክልል የራሱን መንገድ ይሠራል፣ ይጠግናል። በአንጻሩ «የክልል ባቡር» የሚባል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወረታ የሚያበቃ፣ ከክልሉ ድንበር የማይወጣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድም ቢሆን ባቡር ነውና የፌዴራል ጉዳይ ነው።

በሩ ግን አልተዘጋም። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴራሉ መንግሥት ከአንቀጽ 51 ሥልጣኖቹ አስፈላጊ ሲሆን ለክልሎች በውክልና መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ስለ ክልላዊ ባቡር የሚጽፉ ሰዎች ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል፤ ለባሕር ዳር ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እርሱ ነው። ክልሉ «ባቡር አቋቁማለሁ» ማለት ባይችልም «በዚህ መስመር ላይ የመንገደኛ አገልግሎት የማዘዝና የመቆጣጠር ሥራ በውክልና ይሰጠኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ሥልጣን መንጠቅ ይሆናል፤ ሁለተኛው በሕግ የተፈቀደ ጥያቄ ነው።

ከሕገ መንግሥቱ ሥር ሦስት ሰነዶች ይመጣሉ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 141/2000 ነው። የባቡር ትራንስፖርት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1048/2009 ዘርፉ እንዴት እንደሚመራ ይደነግጋል። የግል ባለሀብት ከመንግሥት ጋር ተሻርኮ የሚገባበት ደግሞ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ነው። ባለሀብት በባቡር አይገባም የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ይገባል፣ ግን ውል ይዞ ነው።

ሌሎችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በናይጄሪያ ባቡር ለረጅም ዘመን የፌዴራሉ ብቸኛ ሥልጣን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ባቡር ፌዴራሉና ክልሎቹ በጋራ የሚሠሩበት ዝርዝር ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት መስከረም የሌጎስ ክልል ሰማያዊ መስመር፣ 13 ኪሎ ሜትርና አምስት ጣቢያ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሰው ማመላለስ ጀመረ።

ሰዓቱ የማን ነው?

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ፈቃድ ያለው፣ ባቡር የገዛ፣ ሾፌር ያሠለጠነ ድርጅት ባዶ እጁን የሚቀመጥበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ በሐዲዱ ላይ የሚገባበት ሰዓት አላገኘም።

ከወረታ ባሕር ዳር ነጠላ ሐዲድ ተዘርግቷል እንበል፤ ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሁለት ባቡር የሚተላለፉበት ተጨማሪ ሐዲድ ያለው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው። የመንገደኛ ባቡር በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መንገዱን በ45 ደቂቃ ይጨርሳል። ኮንቴነር የጫነ ባቡር በሰዓት 50 ቢሄድ 72 ደቂቃ ይፈጅበታል። የጭነቱ ባቡር ከጠዋቱ 12፡15 ከወረታ ቢነሣ እስከ 1፡27 ድረስ ሐዲዱ የእርሱ ብቻ ነው። ከኋላው የሚከተለው የመንገደኛ ባቡር በ1፡30 ተነሥቶ 2፡15 ላይ ባሕር ዳር ይገባል። ቢሮ በ2፡30 ለሚገባ ሠራተኛ በጭንቅ ይደርሳል፤ ሁለተኛ ባቡር ግን ለዚያ ጠዋት ቦታ የለውም።

አሁን ሐሙሲት ላይ፣ መንገዱ እኩሌታ ገደማ፣ አንድ መተላለፊያ ሐዲድ ጨምሩበት። የጭነቱ ባቡር 12፡51 ላይ ሐሙሲት ደርሶ ዳር ይይዛል። የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ከወረታ 12፡55 ተነሥቶ 1፡18 አካባቢ በአጠገቡ ያልፋል፤ 1፡40 ላይ ባሕር ዳር ነው። ሁለተኛው 1፡25 ተነሥቶ 2፡10 ላይ ይገባል። ጭነቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆሟል። አንድ መተላለፊያ የመንገደኛውን አገልግሎት በእጥፍ አሳደገው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። መተላለፊያው የጭነት ባቡሩን ሙሉ ርዝመት መያዝ አለበት። ለስምንት ፉርጎ መንገደኛ ተብሎ የተሠራ አጭር ሐዲድ ረጅሙን የኮንቴነር ባቡር ስለማያስገባ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ጭነቱ እንዲቆም ያዘዘው ማን ነው? የቁጥጥር ማዕከሉ ነው፤ የሚያዘውም በተሰጠው የቅድሚያ ደንብ ነው። ደንቡ «ጭነት ይቀድማል» ካለ መተላለፊያው ኖሮም የመንገደኛው ባቡር ሐሙሲት ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አሜሪካ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በዚያ አብዛኛው ሐዲድ የግል የጭነት ኩባንያዎች ነው። ረጅም ርቀት የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር ድርጅት አምትራክ በእነርሱ ሐዲድ የመጠቀም መብትና በጭነት ላይ ቅድሚያ በሕግ ተሰጥቶታል። በየከተማው ዙሪያ ሠራተኛ የሚያመላልሱት የአካባቢ ድርጅቶች ግን ተመሳሳይ መብት የላቸውም፤ ከሐዲዱ ባለቤት ጋር ተደራድረው በውል ነው የሚገቡት። ባለቤቱ ሐሳቡን ሲቀይር የአገልግሎቱ ህልውና ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት የመንገደኛ ባቡር አንዱ በመብት፣ ሌላው በልመና ሲሄድ ይታያል።

ለባሕር ዳር ትምህርቱ ቀጥተኛ ነው። የማመላለሻ ባቡር መብት የሚወለደውም የሚሞተውም ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን ሳይሆን ንድፉ በሚጸድቅበት ቀን ነው። መስመሩ ለወረታ ደረቅ ወደብ ጭነት ብቻ ታስቦ፣ መተላለፊያ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ተደርጎ ከተሠራ፣ በኋላ የሚሰጥ ማንኛውም ፈቃድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጣቢያውስ? ከወረታ የሚመጣ ባቡር አባይ ማዶ ላይ ቢቆም ድልድይ አያስፈልገውም፤ ተሳፋሪው ግን ወርዶ በባጃጅና በታክሲ ይሻገራል። ወደ መራዊ መቀጠል ካለበት አባይን መሻገር ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ ድልድይ የተሠራው ለተሽከርካሪና ለእግረኛ ነው፤ ባቡር የራሱን ድልድይ ይፈልጋል። የጣቢያ ቦታ ደግሞ ከከተማ አስተዳደሩ እጅ ያለ ነገር ነው። ባቡሩን ማስኬድ ባይችል እንኳ ቦታውን ከወዲሁ በማስተር ፕላን ይዞ ከግንባታ መጠበቅ ይችላል። ይህ ለድርድር ትልቅ ጉልበት ይሰጠዋል።

ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው?

የማመላለሻ ባቡር በትኬት ብቻ ራሱን የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ለማሳያ ያህል በግምት ቁጥር እናስላ። አንድ ጉዞ መብራቱን፣ ሠራተኛውን፣ ጥገናውንና የሐዲድ ኪራዩን ጨምሮ 60,000 ብር ያስወጣል እንበል። 500 ሰው በ50 ብር ቢሳፈር የሚገባው 25,000 ነው። 35,000 ብር ይጎድላል። ያንን የሚሞላው ወገን የባቡሩ እውነተኛ አዛዥ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ ትኬቱ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው እርሱ ነውና።

ይህን በግልጽ ያደራጀችው ጀርመን ናት፤ እርሷም እንደኛ ፌዴራል አገር ነች። ዋናው ሐዲድ የፌዴራሉ ንብረት በሆነው ኩባንያ እጅ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በአካባቢ የሚመላለሱ ባቡሮችን የማዘዝ ሥራ ወደ ክልሎቹ ተላልፏል፤ ፌዴራሉ ለዚሁ የተመደበ ገንዘብ በየዓመቱ ይልክላቸዋል። ክልሉ ጨረታ ያወጣል፤ አሸናፊው የመንግሥትም የግልም ድርጅት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ክልል ባቡሮቹን ራሱ ገዝቶ ለአሸናፊው ያከራያል፤ እንዲህ ሲሆን ባቡር መግዣ የሌለው ትንሽ ድርጅትም መወዳደር ይችላል። ለእኛ ሕገ መንግሥት ቅርብ የሆነው አሠራር ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ሐዲዱ የፌዴራል፣ ትእዛዙ በውክልና የክልል፣ ሥራው ያሸነፈ ድርጅት።

ውሉ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው አስኬጁ በሄደበት ኪሎ ሜትር ልክ ይከፈለዋል፤ የትኬቱ ገንዘብ የአዛዡ ነው። በሌላኛው ትኬቱ የአስኬጁ ሆኖ ጉድለቱን ብቻ ይደጎማል። የመጀመሪያው ለአዲስ መስመር ይሻላል፤ ሰው ስንት እንደሚሳፈር ማንም ገና አያውቅምና። በደቡብ አፍሪካ የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ባለቤት የሆነበት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ጋውትሬን የተባለው ባቡር ሦስተኛ መንገድ ሄዷል። በመጀመሪያው ውሉ ተሳፋሪው ከተስማሙበት ቁጥር ሲያንስ ክፍለ ሀገሩ ልዩነቱን ለአስኬጁ ይከፍል ነበር። ባቡሩ ጥሩ ይሠራል፤ የክፍያው ሸክም ግን ከባድ ሆኖ ነው የቆየው።

ሁለተኛው ዓይነት እንዴት እንደሚበላሽ ብሪታንያ አሳይታለች። ከለንደን ወደ ኤዲንብራ በሚሄደው አንድ መስመር ላይ ሦስት የግል አስኬጆች ተራ በተራ ወድቀዋል። ለማሸነፍ ሲሉ ለመንግሥት እንከፍላለን ያሉት ገንዘብ ከትኬቱ ገቢ በላይ ስለሆነ ነው፤ በ2009 እና በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥት ራሱ ገብቶ ባቡሩን አስኬደ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ የመንገደኛ አገልግሎቶቹን ውላቸው ባለቀ ቁጥር ወደ መንግሥት እየመለሰ ነው። የኬንያና የኡጋንዳ ምድር ባቡር ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ለ25 ዓመት ለግል ድርጅት ተሰጥቶ በ2017 ውሉ ተቋርጧል።

የቅርባችን ችግር ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ41 ባቡሮች ጀምሮ ከግማሽ በላዩ የቆመበት ጊዜ አልፏል። ባቡሩ ይመጣል፣ ትኬቱ በብር ይሸጣል፣ መለዋወጫው በዶላር ይገዛል። ይህ ልዩነት በውሉ ላይ ካልታሰበ መብቱ በማንም እጅ ቢሆን ባቡሩ ይቆማል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ክልሉና ኮርፖሬሽኑ ለመነጋገር የተቀመጡ ቀን ጠረጴዛው ላይ መገኘት ያለባቸውን እንጠቁም። በመጀመሪያ የሰዓት ዋስትና፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 2፡30፣ ከቀኑ 10፡30 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የመንገደኛ ባቡር እንደሚቀድም በቁጥር፣ በባቡር ብዛት ይጻፍ። «እንደ አመቺነቱ» የምትለዋ ቃል ከገባች ዋስትናው የለም። መዘግየት ማለት ምን እንደሆነ ይተርጎም፤ አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር፣ የሚለካው ባሕር ዳር ሲደርስ ይሁን በየጣቢያው።

የመዘግየቱ ኃላፊነት ላጠፋው ወገን ይጻፍ። የፎገራ ሜዳ ላይ ይህ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይለብሳል። በደለል የተሞላ ወይም ጠባብ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ያለው የሐዲድ መደብ እንደ ግድብ ውኃውን ያቁራል፤ ከላይ ያለውን የገበሬ ማሳ ያሰጥማል፣ ውኃውም መደቡን ይሸረሽራል። ኮትቻው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሐዲዱም አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ባቡሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ሲታዘዝ ወይም መስመሩ ሲዘጋ ተጠያቂው ሐዲዱን የሠራውና የሚጠግነው ነው። ቅጣቱ በአስኬጁ ላይ ከተጻፈ አስኬጁ የሚያደርገው ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ጨረታ ዋጋውን ይጨምራል፣ ወይ አይመጣም።

የባቡር ማደሪያና ጥገና ቦታው የማን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማደሪያው የአንዱ አስኬጅ የግል ንብረት ከሆነ ሌላ ተወዳዳሪ ባቡሩን የት ያሳድራል? ጨረታው በስም ብቻ ይቀራል። ማደሪያው ከሐዲዱ ባለቤት ወይም ከአዛዡ ጋር ይሁን።

የውሉ ዘመን ደግሞ ይገደብ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለባቡር የአገልግሎት ውል የሚፈቅደው እስከ 15 ዓመት ነው፤ ባቡር ገዝቶ ወጪውን ለመመለስ የሚበቃ፣ አንድን ድርጅት የዘላለም ባለመብት የማያደርግ። ውሉ ከማለቁ ሁለት ዓመት በፊት በገለልተኛ ባለሙያ ምርመራ ይካሄድ፤ መንኮራኩሮቹ ምን ያህል ተበልተዋል፣ መጋዘን ውስጥ ያለው መለዋወጫ ለስንት ወር ይበቃል፣ የሾፌሮቹና የጥገና ሠራተኞቹ የሥልጠና መዝገብ የት ነው የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ። ተረካቢው እየከፈተ የሚያየው የጥገና መዝገብና የሶፍትዌር የይለፍ ቃል ሳይቀር በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ ይግባ።